ያላዩትን አለመፈረም
በጠባይ ትንተና ሥራ ስለሚደረግ ክትትልና ስለ ሥነ ምግባሩ፤ በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር



 ዛሬ ልናነሣው የመረጥነው ጉዳይ በስሙ ሲሰማ የጥቂት ባለሙያዎች የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም፥ በጠባይ ትንተና ሥራ የተሰማራ አዋቂ ባለሙያ ከሥሩ የሚሠራውን ጀማሪ እንዴት አድርጎ መከታተል ይገባዋል የሚለው ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ወደ ሥሩ ብንከተለው ሁላችንንም የሚነካ ሆኖ እናገኘዋለን። መናገር በማይችል ሕፃን ላይ ሥልጣን የተሰጠውን ሰው የሚያየው ማን ነው? ተመልካች ተብሎ የተሾመውስ ሰው በእርግጥ ማየቱን በምን እናውቃለን? ከመካከላችን ነገ መምህር፥ ነርስ፥ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ፥ የሥነ ልቡና ባለሙያ የሚሆነው ብዙ ነው። እያንዳንዳችን መጀመሪያ በሰው ክትትል ሥር እንውላለን፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም በሌላው ሥራ ላይ ፈራሚዎች እንሆናለን። እንግዲህ ጉዳዩ የእኛው ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

የጠባይ ትንተና ማለት፥ ሰው የሚያደርገውን ነገር ከድርጊቱ በፊት ከነበረውና ከድርጊቱ በኋላ ከሚከተለው ሁኔታ ጋር አያይዞ የሚመረምር ትምህርት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ መሠረቱን ጣለ። ትምህርቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለሰው ልጅ ችግር መፍቻ እንዲሆን በሚደክሙት ሰዎች እጅ ደግሞ በ1968 የተግባራዊ ጠባይ ትንተና መጽሔት መታተም ጀመረ። ዋናው ሐሳብ ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ድርጊት ሰውየው የሚወደውን ነገር ካስከተለለት ያ ድርጊት ይደጋገማል። አፉን ያልፈታ ሕፃን ውኃ ሲጠማው ቢጮህና በጮኸ ቁጥር ውኃ ቢሰጠው፥ መጮህን ይማራል። ወደ ኩባያው በጣቱ ሲያመለክት ወዲያው ውኃ ቢሰጠው ግን ማመልከትን ይማራል፤ ጩኸቱም እየቀነሰ ይሄዳል። በዛሬው ጊዜ ይህ ሙያ በብዛት የሚሠራበት ቦታ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ዘንድ ነው።

አሁን የሥራውን አደረጃጀት እንመልከት። በላይ የተመሰከረለት የጠባይ ተንታኝ አለ፤ ልጁን መርምሮ ዕቅድ የሚያወጣው እርሱ ነው። በታች ቴክኒሻን የሚባለው ሠራተኛ አለ፤ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጦ ዕቅዱን የሚፈጽመው እርሱ ነው። በመካከሉም ለማዕረጉ የሚሠለጥን ተለማማጅ ይገኛል። ዕቅዱን የሚጽፈው እጅና የልጁን እጅ የሚይዘው እጅ ሁለት የተለያዩ እጆች ናቸው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብበው ክትትል ብቻ ነው። ክትትሉ የይስሙላ ሲሆን ምን እንደሚከተል ለማሳየት በታሪክ የተመዘገቡ ሁለት ነገሮችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው በፍሎሪዳ፥ በማያሚ ከተማ የሆነ ነው። በዚያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሰንላንድ የሚባል የመንግሥት ማዕከል በ1965 ተከፍቶ ነበር። ሠራተኞቹ ቶሎ ቶሎ ይለቅቁ ስለ ነበር የሰው እጥረት አይለየውም፤ የሚሰጠውም ሥልጠና ደካማ ነበር። በየቤቱ እንደ እናትና እንደ አባት ሆነው ነዋሪዎቹን የሚጠብቁት አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ እንደኛው ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። የዶክትሬት ማዕረግ ያለው አንድ የሥነ ልቡና ሊቅ ከቤቶቹ ጥቂቶቹን ተረክቦ እጅግ የላቀ የጠባይ ማሻሻያ ዕቅድ አወጣለሁ ብሎ ተነሣ። ዕቅዱ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ቅጣት ሥርዓት ተለወጠ። ጉዳዩ በ1972 ሲጋለጥ የተሰየመው የባለሙያዎች መርማሪ ጉባኤ ከሰባ በላይ ሰዎችን አነጋገረ። ነዋሪዎቹ በእንጨት ይገረፉ፥ ለረዥም ሰዓት ታስረው ይውሉ፥ አፋቸው በሳሙና ይታጠብ፥ በሰው ፊትም ይዋረዱ እንደ ነበር ተረጋገጠ።

ከዚህ ሁሉ እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን አንድ ነገር ነው። ግፉ ተደብቆ የተሠራ አልነበረም። ሠራተኞቹ ያደረጉትን ሁሉ በየዕለቱ መዝገብ ላይ በሥርዓት ይጽፉት ነበር፤ የበላዮቻቸውም ያውቁትና ይፈቅዱት ነበር። ለምን ቢባል፥ ሠራተኛው ሕክምና እየሰጠ እንደሆነ ያምናል። አለቃው ሳይንስ እየሠራ እንደሆነ ያምናል። መዝገቡ ደግሞ ሁለቱንም ያረጋጋቸዋል። እንግዲህ ወረቀት መኖሩ ክትትል መኖሩን አያመለክትም። እንዲያውም ወረቀቱ ራሱ የግፉ አንሶላ ሊሆን ይችላል።

መርማሪዎቹ ከጥፋተኛው ሰው አልፈው ሥርዓቱን መጠየቃቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ከሰጡት ምክር ውስጥ ሁለቱን ብቻ እንጠቅሳለን። አንደኛው፥ ተቋሞቹን ሳያስታውቁ በድንገት እየጎበኙ ከሠራተኞች፥ ከወላጆችና ከነዋሪዎቹ ቃል የሚቀበሉ ሰዎች እንዲኖሩ ነው። ሁለተኛው፥ ማናቸውም የጠባይ ማሻሻያ ዕቅድ ከተቋሙ ውጭ ባሉ የሙያ ባልደረቦች እንዲመረመር ነው። ሁለቱም ምክሮች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ከታች ያለውን የሚያይ ዓይን ይኑር፥ የሚያየውን ደግሞ የሚያይ ሌላ ዓይን ይኑር።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚያ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ የሆነ ነው። በማሳቹሴትስ ጃጅ ሮተንበርግ ማዕከል የሚባል ተቋም አለ። ይህ ተቋም ነዋሪዎቹን በሰውነታቸው ላይ በሚታሰር መሣሪያ አማካይነት በኤሌክትሪክ ንዝረት በመቅጣቱ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው። በ2007 በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ከማዕከሉ መኖሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የበላይ ኀላፊ ነኝ አለና ሁለት ወጣቶች ቀን ስላጠፉት ጥፋት እንዲቀጡ አዘዘ። ሠራተኞቹ ወጣቶቹን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰው ቀጡ። አንደኛው 77 ጊዜ፥ ሁለተኛው 29 ጊዜ በኤሌክትሪክ ተመቱ። ደዋዩ ግን ኀላፊ አልነበረም፤ አታላይ ነበር።

በቤቱ ውስጥ ካሜራ ነበረ። የተጻፈ ደንብም ነበረ። በሥራ ላይም ብዙ ሠራተኞች ነበሩ። ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቆይ፥ ይህን ትእዛዝ የሰጠኸኝ አንተ ማን ነህ? ለምንስ?» ብሎ ለመጠየቅ የተፈቀደለትና የለመደ ሠራተኛ። በዚያ ቤት ክትትል ማለት ከሩቅ የሚመጣ ትእዛዝ ማለት ስለ ሆነ፥ የአለቃን ድምፅ የመሰለ ሁሉ አለቃ ሆነ። በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ኖሯል። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ፥ በሠለጠነ አገርና በሳይንስ ስም በሚሠራ ቤትም እንደሚገኝ ከዚህ እንማራለን። ዓለም አቀፍ የጠባይ ትንተና ማኅበር እንዲህ ባለው የኤሌክትሪክ ቅጣት ላይ የተቃውሞ አቋሙን ያወጣው ገና በ2022 ነው።

ሙያው ከነዚህ ነገሮች ምንም አልተማረም ብንል እንበድለዋለን። በ1998 የጠባይ ተንታኞች ማረጋገጫ ቦርድ በአሜሪካ ተቋቋመ። ከ2022 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሥነ ምግባር ደንብ ሌሎችን መጥቀምን፥ ሰውን በርኅራኄና በክብር መያዝን፥ ታማኝነትንና የሙያ ብቃትን አራት መሠረቶች አድርጎ ያስቀምጣል። ከክፍሎቹም አንዱን በሙሉ ተከታታዩ ለሠልጣኞቹ ስላለበት ኀላፊነት መድቦታል። በዚህ ክፍል መሠረት ባለሙያው በማያውቀው ነገር ሰውን መከታተል አይገባውም። ሊከታተል ከሚችለው በላይ ሰው መቀበልም የለበትም። ሠልጣኙ ለማይችለው ሥራ እንዲላክ ማድረግ የተከለከለ ነው። የሠልጣኙን ሥራ አይቶ በጊዜው ሐሳቡን መስጠት፥ መዝገብ መያዝ፥ የራሱ ክትትል የሚያስገኘውንም ውጤት መመዘን ይጠበቅበታል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሠልጣኙ ለሠራው ሥራ ተከታታዩም ተጠያቂ መሆኑ ነው። «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ቃል መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ክስ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ የሚያዘውን ዝቅተኛ ልክ በቁጥር ብናሰላው ሐሳብ ይገባናል። ቴክኒሻኑ የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ሥራ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በወር ከሚሠራው ሰዓት ቢያንስ ከመቶ አምስቱ ክትትል ሊደረግበት ይገባል። በወር 100 ሰዓት የሚሠራ ቢሆን 5 ሰዓት መሆኑ ነው። ከአምስቱም ሰዓት ሁሉም ከልጁ ጋር ሲሠራ የሚታይበት አይደለም፤ ከፊሉ ተቀምጦ መነጋገሪያ ነው። የቀረው 95 ሰዓት የልጁና የቴክኒሻኑ ብቻ ነው። አንድ ተንታኝ እንዲህ ያሉ 12 ቴክኒሻኖች ቢኖሩት ለዝቅተኛው ልክ ብቻ በወር 60 ሰዓት ያስፈልገዋል። የራሱን ምርመራ፥ ዕቅድ መጻፉን፥ ከወላጆች ጋር መነጋገሩን ስንጨምርበት ጊዜው ከየት ይመጣል? ፈተናው የሚመጣው በዚህ ቦታ ነው። ቅጹ ቀርቧል፥ ወሩ አልቋል፥ ጀማሪውም ታማኝ ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ያልታየው ሰዓት እንደ ታየ ተቆጥሮ ይፈረማል። አባቶቻችን ይህን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል።

የሚገርመው ግን ይህ ሙያ መድኀኒቱን በእጁ ይዞ መገኘቱ ነው። በጠባይ ትንተና ምርምር አንድ ሰው ብቻውን የቆጠረው ቁጥር በቀላሉ አይታመንም። ሁለት ተመልካቾች ሳይመካከሩ አንዱን ነገር በአንድ ጊዜ ይመዘግቡና መዝገባቸው ይስማማ እንደ ሆነ ይመረመራል። ልጁ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ ለማወቅ ሁለት ዓይን ካስፈለገ፥ ልጁ በክብር ተይዟል ወይ የሚለውን ለማወቅ አንድ ፊርማ እንዴት ይበቃል?

ከዚህም በላይ የሙያው ዋና ሕግ በተከታታዩ ላይ ራሱ ይሠራል። ተለማማጁ ንጹሕ ሥዕላዊ መግለጫ ይዞ ሲመጣ ይመሰገናል እንበል። «ልጁ ዛሬ አለቀሰብኝ፤ ይህ ዕቅድ የሚስማማው አይመስለኝም» ብሎ ሲመጣ ግን ፊት ይነሣዋል። ተከታታዩ ሳያውቀው ምን አስተማረ? መደበቅን አስተማረ። ጀማሪው ከሁለት ወር በኋላ ምንም ችግር የማያመጣ ጥሩ ሠራተኛ ይሆናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ ለብዙ ነገር ይበጅ ይሆናል፤ በዚህ ሥራ ግን የጀማሪው ዝምታ በልጁ ላይ ይነቅዛል።

ታዲያ ደኅና ክትትል ምን ይመስላል? እኛ በአራት ነገሮች እናየዋለን።

አንደኛ፥ ተከታታዩ በቦታው ይገኝ። በስልክም በሥዕል ማስተላለፊያም መገናኘት ለሩቅ አገር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ካሜራው የሚያሳየው ወደ ዞረበት በኩል ብቻ ነው። የክፍሉን ሙቀት፥ የልጁን ድካም፥ የሠራተኛውን የድምፅ ቃና በቦታው የተገኘ ሰው ይበልጥ ይረዳዋል። አንዳንዱም ጉብኝት ሳይነገር የሚደረግ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፥ መንገር ብቻውን ማሠልጠን አይደለም። ሙያው ራሱ የሚመክረው ሥልት አራት ደረጃ አለው። ያስረዳል፥ አድርጎ ያሳያል፥ ሠልጣኙን ያለማምዳል፥ ከዚያም ያየውን ደኅናውንም ጉድለቱንም ይነግረዋል። ሠልጣኙ እስኪችል ድረስ ይህ ይደጋገማል። ተከታታዩ ራሱ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ አድርጎ ማሳየት የማይችለውን ነገር ሌላው እንዲያደርገው ማዘዝ አይገባውም።

ሦስተኛ፥ ጀማሪው እንቢ የማለት መብቱ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይረጋገጥለት። ለተንታኝነት የሚሠለጥን ሰው ለማዕረጉ እስከ 2000 ሰዓት የሚደርስ የተግባር ልምምድ መቁጠር አለበት፤ ሰዓቱን የሚያጸድቀውም ተከታታዩ ነው። ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። የአንድ ወጣት የዓመታት ድካም በአንድ ሰው ብዕር ላይ ሲንጠለጠል፥ ያ ወጣት ያየውን ክፉ ነገር ለመናገር ይፈራል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር በሚፈረመው ውል ውስጥ፥ በሁለቱ መካከል አለመስማማት ቢመጣ ጉዳዩ ለማን እንደሚቀርብ፥ የተሠራውም ሰዓት እንዴት እንደሚጠበቅ መጻፍ ይገባዋል። ያለዚህ እንቢ የማለት መብት ባዶ ቃል ነው።

አራተኛና ዋነኛ፥ ልጁ ራሱ ይደመጥ። ቃል የሌለው ሰው ሐሳብ የለውም ማለት አይደለም። ፊቱን ሲያዞር፥ ከወንበሩ ሲሸሽ፥ ሲያለቅስ እየተናገረ ነው። የዛሬው ደንብ ከወላጅ ፈቃድ ሌላ የተገልጋዩንም የራሱን ይሁንታ በሚቻል ጊዜ መጠየቅ እንደሚገባ ያመለክታል። በልጅነታቸው በዚህ ሕክምና ያለፉ ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ለብዙ ዓመት ሲያሰሙ የኖሩት አቤቱታም ይኸው ነው። ዝም ብለን መቀመጥን ተማርን እንጂ እንቢታችንን የሰማው አልነበረም ይላሉ። ተከታታዩ ለጉብኝት ሲመጣ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ልጁ ስንት ነገር ተማረ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ልጁ ወደዚህ ክፍል ሲገባ ደስ እያለው ይገባልን?» ብሎም ነው።

አንዳንድ ሰው፥ ይህ ሁሉ ባለሙያ ለሞላበት አገር የሚነገር ነው፤ ሰው በሌለበት ቦታ ክትትልን ማጥበቅ አገልግሎቱን መከልከል ነው ይለን ይሆናል። ክርክሩ ክብደት አለው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ መንገዱ ገና ያልተጠረገ ነበር። ዛሬም ፈላጊው ብዙ፥ ሠራተኛው ጥቂት ነው። በዚያም ላይ የአሜሪካው ማረጋገጫ ቦርድ ከ2023 ጀምሮ ከጥቂት አገሮች በቀር ከሌላው ዓለም አዲስ አመልካች መቀበሉን አቁሟል። ስለዚህ በዚህ አገር ተቀምጦ ያንን ማዕረግ አገኛለሁ የሚል ተማሪ በሩ ተዘግቶበታል።

መልሳችን ግን ይህ ነው። የባለሙያ እጥረት ክትትልን የበለጠ ያስፈልገዋል እንጂ አያስቀረውም። በማያሚ ግፉን ያመጣው የሠራተኛ ማነስና የሥልጠና ድካም ከማይጠየቅ አለቃ ጋር ሲገናኝ ነው። ደግሞም ከዘረዘርናቸው ነገሮች ብዙዎቹ የውጭ አገር ማኅተም የሚጠይቁ አይደሉም። ድንገተኛ ጉብኝት ማኅተም አያሻውም። አንዱ ማዕከል የሌላውን ዕቅድ ቢመረምርለት፥ ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ገብተው ቢያዩ፥ ሁለት ሰዎች ለየብቻ መዝግበው ቢያስተያዩ፥ ጀማሪው ሲጠይቅ ባይቆጡት፥ ይህ ሁሉ በዚህ አገር ገንዘብና በዚህ አገር ሰው የሚሆን ነው። ማኅተሙ ከሩቅ ባይመጣልንም ዓይናችን ከእኛው ጋር ነው።

ስለዚህ ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ ሕክምና ቦታ የሚላክ ተማሪ ሁሉ፥ ተከታታዩ በወር ስንት ጊዜ በዓይኑ እንደሚያየው የሚገልጽ ውል በእጁ ይዞ እንዲሄድ መምህራኖቻችንን እንለምናለን። ሁለተኛ፥ ተማሪው ባየው ነገር ቅር ቢለው፥ ውጤቱ ሳይነካበት የሚያመለክትበት አንድ መምህር በየክፍሉ እንዲሰየም እንጠይቃለን። ሦስተኛው ለእኛው ለተማሪዎች ነው። ያልተገኘንበትን ሰዓት እንደ ተገኘን አድርገን ለፊርማ አናቅርብ፤ ነገም ወንበሩ ለእኛ ሲደርስ ያላየነውን አንፈርም።

ውይይቱን ከዚህ ላይ እንከፍታለን። ከመምህራኖቻችንም ሆነ ከጓደኞቻችን የሚሰጠንን ተቃውሞ በደስታ እንቀበላለን፤ ክትትል ማለት ይኸው ነውና።